ለአሥራ ዘጠኝ ብስክሌት የተተከለ ድንጋይ

ነቀምቴ ማዘጋጃ ቤት የመንገድ ሥራ ክፍል የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ሥራ የሜትር ገመድ ጫፍ መያዝ ነበር። እሱንም አበላሸሁት። ቀያሹ ከወዲያ ጫፍ ሆኖ «ወጥር» ቢለኝ በሙሉ ኃይሌ ጎተትኩና ሰውየውን ከነባርኔጣው ጭቃ ውስጥ ከተትኩት። ያልተባረርኩት እሱ ከጭቃው እስኪወጣ ድረስ ገመዱን ስላልለቀቅኩ ይመስለኛል።

ከገመድ ያዥነት ተነስቼ ካቦ ለመሆን ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ካቦ ማለት አሥራ ሁለት የቀን ሠራተኛ፣ ስምንት አካፋ፣ አራት ዶማና ሁለት ባሬላ የሚያዝ ሰው ነው። ከሁሉም በደንብ የሚታዘዙኝ ባሬላዎቹ ነበሩ።

በቅርቡ ወጣት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ስለ ብስክሌት መንገድ ሲከራከሩ ሰማሁ። አዲስ ነገር ነው ይላሉ። እኔ በጃንሆይ ዘመን ሠርቼው፣ ተሰድቤበት፣ አፍርሼው፣ እንደገና ሠርቼዋለሁ።

ነገሩን ያመጣው ዲንሳ ነው። ዲንሳ ድሬሰር ነበር። መርፌውንና መድኃኒቱን በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ ከብስክሌቱ ኋላ ያስርና ከገበያው እስከ ዲጋ መውጫ ያሉትን በሽተኞች በየቀኑ እየዞረ ይወጋል። አንድ ቀን ቡና የጫነ ሎሪ ገፍቶ ጣለው፤ የግራ እጁ ተሰበረ። እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እኔ ዘንድ መጣ።

«ካቦ፣ ሎሪው ሲመጣብኝ መሸሻ የለኝም» አለኝ። «በእግሬ ልሂድ ብል ደግሞ የምደርሰው ለግማሹ ነው። የቱን ግማሽ ልተው? አንተ ምረጥልኝ።»

እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም። አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ምስክሮቹ ዛሬም በሕይወት ስላሉ አልክድም። የዲንሳ ጥያቄ ግን ብስክሌት ለማይችልም የሚገባ ነበር። ከንቲባው ዘንድ ገብቼ ለብስክሌት መንገድ እንለይ አልኳቸው።

«በከተማው ስንት ብስክሌት አለ?» አሉኝ።

«አሥራ ዘጠኝ ጌታዬ። ጎማ የሌላቸውን ሁለቱን ጨምሮ።»

«ቅዳሜ ገበያ የሚገባው አህያስ?»

«እሱን አልቆጠርኩም።»

«ለዚያ ሁሉ አህያ መንገድ ሳልለይ ለአሥራ ሰባት ብስክሌት ልለይ? ጥቅሙንና ጉዳቱን ጽፈህ አምጣ።»

ወረቀቱን በማስመሪያ ለሁለት ከፈልኩ። በጉዳት በኩል፦ የመኪናው መንገድ ይጠባል፣ ድንጋይ ከካባ ተፈልጦ መምጣት አለበት፣ ሠራተኞቼ አንድ ወር ሙሉ ከቱቦ ሥራ ይነሳሉ። በጥቅም በኩል፦ ዲንሳ አይሞትም፣ መርፌ ጠባቂዎቹም መርፌያቸው አይቀርባቸውም። ከዚያ ብስክሌት ያላቸውን ሰዎች በሙሉ ዞሬ ጠየቅኩ። ሁሉም ደገፉ። ይህን «ጥናት» ብዬ ሰየምኩት። ከንቲባው አነበቡና «ጎማ የሌላቸውም ደግፈዋል?» ብለው ፈረሙ።

ችካል መታን፣ ገመድ ዘረጋን፣ በቤቶቹ በኩል ሁለት ክንድ ተኩል ለብስክሌት ለየን። ብስክሌቱንና መኪናውን የሚለይ መቶ አርባ ድንጋይ በተርታ ተክለን በኖራ ነጭ ቀባነው። ገረጋንቲ ደፍተን ጠቀጠቅን።

የመንገዱ ዳር ነዋሪዎች ያሳዩን ደግነት አይነገርም። ድንጋይ ያቀብሉናል፣ በሶ ይበጠብጡልናል። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት እርጎ በቅል አምጥተው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አሜን» አልኩ። ማታ ለሚስቴ ይህ ሕዝብ ሥልጣኔ ወዳድ ነው ብዬ አወራሁ።

ዲንሳ እጁ ድኖ ሁለት ሳምንት ነዳበት። በሦስተኛው ሳምንት አዴ ጫልቱ የባሕር ዛፍ አጥራቸውን ከነበረበት አንስተው ነጩ ድንጋይ ድረስ አመጡት። በብስክሌቱ መንገድ ላይ ጎመን ተተክሏል። ጎረቤቶቻቸውም የአጥር ጉድጓድ እየቆፈሩ ነው።

«አዴ ጫልቱ፣ ምን አደረጉ?»

«አጠርኩ።»

«ይሄ እኮ የብስክሌት መንገድ ነው!»

«ገመድ ይዘህ የለካኸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ድንጋዩን የተከልክልኝስ?»

«እኔው ነኝ፤ ግን...»

«እግዜር ይስጥልኝ ስልህ ምን አልክ?»

«አሜን።»

«ታዲያ ካሜን በኋላ ምን ትጠይቀኛለህ?»

የመንግሥት ሰው ገመድ ዘርግቶ ድንጋይ ከተከለ፣ ያ ድንጋይ ዳንጋ ነው፤ ድንበር። ከድንጋዩ ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔማ ከሁሉ በላይ ማወቅ ነበረብኝ። አባቴ ሸዋ ውስጥ በአንዲት የድንበር ድንጋይ ግማሽ ዕድሜውን ፍርድ ቤት ደጅ ጨርሷል። የሱ ልጅ መቶ አርባውን ተክሎ «ሰው ለምን አጠረ?» ብሎ ይደነቃል።

አሁን ነገሩ ከቀድሞው ባሰ። ዲንሳ አጥር ጋ ሲደርስ ወደ መኪናው መንገድ ይወጣል፤ መንገዱ ደግሞ በኔው ድንጋይ ጠቧል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሎሪ የጭነት ካሶኒ እጅጌውን ቀዶት አለፈ። ሣጥኑ ወድቆ መድኃኒቱ ፈሰሰ።

«ካቦ» አለኝ፣ «ቀድሞ መሸሻ አልነበረኝም። አሁን ማለፊያም የለኝም።»

ከንቲባው «ንቀለው» አሉ። ሠራተኞቼን አዘዝኩ። በዕድሜ ትልቁ ሠራተኛ አካፋውን መሬት ላይ አጋደመና «የድንበር ድንጋይ የነቀለ እጅ አይባረክም» አለኝ።

«ድንበር አይደለም እያልኩህ!»

«እንግዲያው አንተ ንቀለውና እንይህ።»

ዶማ አነሳሁ። አዴ ጫልቱ በርጩማ አምጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አልተሳደቡም፣ አልተራገሙም፤ እጄን እጄን አዩ። ዶማውን መልሼ አስቀመጥኩ። ለከንቲባው ወገቤን አመመኝ አልኳቸው። ወገቤ ምንም አልሆነም።

በማግስቱ ጠዋት ዲንሳን ይዤ አዴ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። የተቀደደውን እጅጌ አሳያቸው።

«እኔ አጥር አጠርኩ እንጂ ሰው መቼ ገፋሁ?» አሉ።

«አልገፉኝም። ግን ከአጥርዎ ወዲያ አላልፍም» አላቸው ዲንሳ።

ወደ ዲንሳ ጠጋ አሉ። «ዲጋ መውጫ ያለችው ሎሜ፣ ያቺ የምታስለዋ፣ ትናንት ማን ወጋት?»

«ማንም አልወጋትም።»

«ዛሬስ?»

«ገና ማንም።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ ድንጋይ ምን ያደርግልሃል? ለምን ቦይ አትቆፍርም? ድንጋይ መሬት ይሰጣል፤ ቦይ ለማንም አይሰጥም። ቦይ የውሃ ነው። ዳሩም ጭቃው የሚጠረግበት ስለሆነ የውሃው ነው። እዚያ ላይ የሚያጥር የለም።»

ይህን ያህል ዓመት ቦይ ቆፍሬ ይህ አልታየኝም ነበር። «የተተከለውንስ ማን ይነቅላል?» አልኳቸው።

«ድንበር ሁለቱ ወገን ቆመው ከተስማሙ ይነሳል። አንተ ከዚያ ቁም፣ እኔ ከዚህ።»

የመጀመሪያውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። እኔ ከወዲያ በኩል እንደ ተከሳሽ ቆሜ «ተስማምቻለሁ» አልኩ። እንዲህ እያልኩ በየደጁ ቆምኩ። አዴ ጫልቱ ግን ጎመኑ እስኪደርስ ጊዜ ስጠኝ ብለውኝ ነበር፤ ከንቲባው ቦዩ ምነው ዘገየ ሲሉኝ «ጎመኑ አልደረሰም ጌታዬ» የሚል መልስ በጽሑፍ ሰጠሁ። ማዞሪያው ላይ ያለ አንድ ነጋዴ ግን እስከ መጨረሻው እምቢ አለ። ብስክሌተኞች እሱ ደጅ ሲደርሱ ወርደው ብስክሌታቸውን ይገፉ ነበር።

በድንጋዩ መስመር ቦይ ቆፍረን በቤቶቹ በኩል ያለውን ዳሩን ለብስክሌት ተውነው። ቦዩ ከድንጋዩ የበለጠ ጉልበት በላ። በየበሩ የእንጨት መሻገሪያ አስፈለገው። ክረምት በመጣ ቁጥር ደለል ይሞላዋል፣ እኛም እየተራገምን እንጠርገዋለን። ሎሪ ነጂዎች ጡረታ እስክወጣ ድረስ መንገዱን አጠበብክብን ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። ዲንሳ ወደ ሌላ አገር እስኪዛወር ድረስ በየቀኑ ሁለቱንም ግማሽ አዳረሰ። ብስክሌት ለቆጠረ ሰው ጉዳቱ ይበልጣል። መርፌ ጠባቂውን ለቆጠረ ጥቅሙ ይበልጣል።

ጥቅምና ጉዳት ስትጽፉ በመንገዱ ዳር የሚኖረውን ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ከሠራሁ በኋላ ስለጠየቅኩ አንዱን መንገድ ሁለት ጊዜ ሠራሁት።