ንብ ናቸው ያለቻቸው ተርቦች

ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛን» እያለ የሚጠራት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ በተርብ የተነደፈችው ጥቅምት ዐሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ዕድሜዋ ኀምሳ ስምንት፣ አገልግሎቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆን፣ ለጡረታዋ የቀራት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሰዓቱ በትክክል መጠቀሱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያች ጠዋት የአንዲት አሮጊት ደኅንነት በደቂቃ ይቆጠር ነበርና።

ስሙ የወጣላት በወጣትነቷ ነው። አንድ ስመ ጥር ሐኪም ለሕፃን ያዘዘው መድኃኒት መጠኑ በዝቶ ብታገኘው፣ ማዘዣውን ይዛ ሁለት ፎቅ ወጣችና በበሽተኞቹ ፊት «ዶክተር፣ ይህ የታዘዘው ለሕፃን ነው ወይስ ለበሬ?» ስትል ጠየቀችው። ሐኪሙ በቁጣ ቀላ፤ ወረቀቱን ሲያይ ደግሞ ገረጣ። «ይቺስ ሰው አይደለችም፤ ሚዛን ናት» አለ። ስሙ ጸና። እርሷም ወደደችው፤ ምናልባትም ሰው የገዛ ስሙን መውደድ ከሚገባው በላይ ወደደችው። በመድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ በወፍራም ቀለም የጻፈችው እርሷ ናት፦ «መድኃኒት ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ሲነሣ፣ ሲቆጠር፣ ሲሰጥ።»

ከስምንት ወር ወዲህ ግን ዓይኗን ጭጋግ ያዘው። የሚያውቃት ሰው እንዳይኖር ብላ ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄዳ ተመረመረች። ሐኪሙ የዓይን ሞራ መሆኑን፣ በቀዶ ሕክምና እንደሚወገድ፣ እስከዚያው ግን ማንበብ ከሚጠይቅ ሥራ መራቅ እንዳለባት ነገራት። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ ከቦርሳዋ ሥር ከተተችው፤ ለባሏ እንኳ አልተነፈሰችም። ሁለት ዓመት ምን አላት? መደርደሪያው ሁሉ በልቧ ነው። ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሁለተኛው፣ ሰማያዊ መስመር ያለው፦ የደም ግፊት። ማዘዣውን ማንበብ ሲያቅታት በሽተኛውን «ሐኪሙ ምን አለህ? ከየት ነው የሚያምህ?» እያለች ታናግር ጀመር። ሰዎችም «ሚዛን እያረጀች ስትሄድ እንዴት ደግ ሆነች!» እያሉ አመሰገኗት። የጨነቀው ሰው የሚያደርገውን ስታደርግ፣ ትሕትና መሰላቸው።

ተርቦቹ በማድ ቤቱ መስኮት ሥር ጎጆ የጀመሩት ከዚያች ሐሙስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። መጀመሪያ ያያቸው ባሏ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ጉልበቱን ፍሬን የጨረሰው፣ ምላሱን ግን ምንም ያልጨረሰው ሰው።

«ተርብ ቤት እየሠራብን ነው፤ ዛሬውኑ ላፍርሰው» አለ።

«ንብ ናቸው» አለች፣ ወደ መስኮቱ እንኳ ሳትጠጋ። «ንብ ካልነኳት አትነካም። ተርብ ወገቡ ቀጭን ነው።»

«እኔስ ምን አልኩሽ? ወገባቸው ቀጭን ነው።»

«አንተ የአውቶቡስህን ታርጋ አንብብ፤ ይህን ለተማረ ሰው ተወው።»

«እሺ እመቤት። ማሩን ስትቆርጪ ጥሪኝ።»

እርሷ ያየችው በብርሃን ላይ የሚንቀሳቀስ ቡናማ ነጥብ ብቻ ነበር። የቀረውን የሞላችው በዕውቀቷ ነው። ዕውቀት ያላየውን እንዳየ አድርጎ ሲናገር ከድንቁርና ይብሳል፤ ድንቁርናስ ቢያንስ ይጠይቃል።

በዚያች ጠዋት ሻይ ጥዳ እንፋሎቱ ሲበዛባት መስኮቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችው። የመስኮቱ ጠርዝ ጎጆውን ጨፈለቀው። ወዲያው የቀኝ እጇ አንጓ በጋለ ምስማር የተወጋ ያህል ነደዳት፤ ጩኸቷን ሰምቶ ባሏ ከፊል ፊቱ ሳሙና እንደ ተቀባ፣ ምላጩን እንደ ያዘ መጣ።

«ንብ ነደፈችኝ! መንደፊያዋን በጥፍርህ ፋቅልኝ፤ እንዳትጨምቀው!»

እጇን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ተመለከተ። «ምንም የለም።»

«ይኖራል እንጂ! ንብ መንደፊያዋን ሳትተው አትሄድም።»

«እሱን ነው እኮ የምልሽ፤ ንብ ብትሆን ይኖር ነበር። ይኸው እጅሽ፣ ራስሽ እይው።»

አንጓዋን ወደ ዓይኗ አቀረበች፤ አራቀች፤ እንደገና እስከ አፍንጫዋ አስጠጋች። ያየችው ቅላት ብቻ ነው። ባሏ እጇን ማየት ትቶ ፊቷን ያይ ጀመር።

«አንቺ ሴት፣ አታዪም እንዴ?»

«ብርሃኑ አጥበረበረኝ» አለችና ፊቷን አዞረች። የቤቱ መድኃኒት የሚቀመጥበትን መሳቢያ ሳበች፤ ከቀኝ ጥግ ሰማያዊ መስመር ያለውን ፓኬት አነሣች፤ አንድ ክኒን ፈልቅቃ ወደ አፏ ስትወስድ ባሏ እጇን ቀለበው።

«የእኔን የስኳር መድኃኒት ምን ልታደርጊው ነው?»

«የአለርጂ ነው። ሰማያዊ መስመር ያለው።»

«ሰማያዊ መስመርማ ሁለቱም አላቸው፤ ከአንድ ፋብሪካ ናቸው። ያንቺን ትናንት እኔ ነኝ ወደ ታችኛው መሳቢያ ያወረድኩት። ስሙ እኮ በትልቁ ተጽፏል!»

ሚዛን በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ባሏ መርዙ የጣላት መስሎት ውኃ ሊቀዳ ሲሮጥ፣ «ተወው፤ እጄ አይደለም» አለችው። በጆሮዋ የሚያስተጋባው የትናንት ድምፅ ነበር። ከቀትር በኋላ ምክትሏ መሰላል ላይ ቆማ መደርደሪያ ስታጸዳ፣ «የግፊቱን ወደ ላይ አወጣሁት፤ በቦታው የስኳሩን አድርጌዋለሁ!» ብላ ጮኻ ነበር። ሚዛን «ሰማሁ» አለች፤ ጆሮዋ ሰማ፣ እጇ ግን አልሰማም። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈሩ ልብስ አጣቢ አሮጊት የግፊት መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። የሚዛን እጅ ወደ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ወደ ሁለተኛው ሄደ። ሰማያዊ መስመር። «እማማ፣ ነገ ጠዋት ቁርስ ቀመስ ካደረጉ በኋላ አንድ» አለች። አሮጊቷ ፊደል አልቆጠሩም።

ሁሉንም ለባሏ ነገረችው፤ ሞራውን፣ ቦርሳዋ ሥር ያለውን ወረቀት፣ ስምንቱን ወር። «ስኳር የሌለባት አሮጊት ያንን ከዋጠች ስኳሯ ወርዶ ራሷን ትስታለች። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ስልክ የላትም።»

ባሏ ሳሙናውን በእጅጌው ጠረገ። «እኔ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ፤ «የማላየውን መንገድ ግን አንድ ቀን አልነዳሁም። ተነሺ።»

የአጣቢዋ ቤት ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ከቤታቸው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። እርሱ በጉልበቱ እያነከሰ፣ እርሷ በዓይኗ እየተደናቀፈች፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወረዱ። የተነደፈው እጇ እስከ ክርኗ አብጦ የሰዓቷ ማሰሪያ ጠበባት፤ ፈትታ ኪሷ ከተተችው። «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያለች በየጥጉ ትጠይቀው ነበር። አራተኛ ጊዜ ስትጠይቀው፣ «ብነግርሽ አይቆምልሽ» አላት።

በሩ ክፍት ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ እርጥብ አንሶላ ተሰቅሏል። አሮጊቷ ከአንሶላዎቹ ኋላ ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የተገመጠ ዳቦና እንፋሎት የሚወጣው ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው አጠገብም በሳሕን ላይ አንድ ነጭ ክኒን።

«ዋጡት እንዴ እማማ?» አለች ሚዛን፣ ሰላምታ እንኳ ሳታቀርብ።

«ምነው በጠዋቱ! ሞትኩ ብለው ለቀብር ጠሩሽ እንዴ?» አሉና ሣቁ። «ሻዩ እስኪበርድ ነው። የፈላ ነገር ጥርሴን ይነካኛል፤ ጥርስ ካሉት።»

ሚዛን ክኒኑን በእጇ ዳብሳ አነሣችው፤ ፓኬቱንም ተቀበለች። ባሏ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ። የስኳር ነበር።

«ተሳስቼ ነው የሰጠሁዎ» አለች። «ዓይኔ ታሟል። ስምንት ወር ደብቄዋለሁ።»

አሮጊቷ ሣቃቸውን ተዉ። «አንቺ? ሚዛን? አንቺ ከተሳሳትሽ እኔ መሃይሟ ማንን ልመን?» ከዚያ ያበጠውን እጇን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ ተይው። አልዋጥኩትም፣ አልሞትኩም። ከዚህ ቤት አይወጣም፤ እንጀራሽን አልዘጋም። ግን እንዴት አትታከሚም? ‘በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም’ እያልሽ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ከአንሶላው ጫፍ ውኃ ወደ ባልዲው ይንጠባጠባል። ሚዛን ከሁለት ዓመት በኋላ በክብር የምትሰናበትበትን ቀን አሰበች፤ ስሟን አሰበች፤ እኚህ ሴት ዝም ቢሉ ማንም እንደማያውቅ ዐወቀች። ባሏ ወደ መሬት ያይ ነበር፤ ሊረዳትም ሊያስገድዳትም አልፈለገም።

«ሌላ ሰው ደግሞ ሻዩ ቶሎ ይበርድለታል እማማ» አለችና ፓኬቱን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች።

መድኃኒት ቤቱ በሁለት ሰዓት ሲከፈት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከባንኮኒው ሥር የስሕተት መዝገብ የሚባል ጥራዝ አለ፤ በየወሩ መጨረሻ «በዚህ ወር ስሕተት የለም» ብላ ስትፈርምበት ኖራለች። የመጨረሻዎቹ ስምንት ፊርማዎች ግን ምስክርነት አልነበሩም፤ ምኞት ነበሩ። ገጹን ገለጠች፤ ያበጠ እጇ ብዕሩን በቅጡ አልይዝ አላት፤ ፊደሎቹ ከመስመሩ እየወጡ ቢወድቁም የአሮጊቷን ጉዳይ እስከ መጨረሻው ጻፈች።

ምክትሏ ከትከሻዋ በላይ አነበበችና እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ አበድሽ እንዴ! ሁለት ዓመት እኮ ነው። ቦታውን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ በእኔ አድርጊው።»

«አንቺ ነግረሽኛል። ሦስቴ ማንበብ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለች። «አሁን የስምንቱን ወር ማዘዣ አውጪ። ሰዎቹን ሁሉ እንጠራለን።»

ነጭ ጋዎኗን አውልቃ በምስማሩ ሰቀለች፤ በባንኮኒው ውስጠኛ በኩልም ዳግመኛ አልቆመችም። ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከውጭ በኩል፣ በበሽተኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰዎቹ መልሰው ያመጡትን ፓኬት ለምክትሏ እያቀበለች አስነበበች። አንዳንዱ ሰው ሰደባት፤ አንዳንዱ አጽናናት፤ ስድቡን ከማጽናናቱ ይልቅ በቀላሉ ቻለችው። የሦስት ሰዎች አድራሻ ሊገኝ አልቻለም። የእነርሱን ስም ባሏ በወረቀት በትልልቁ ጽፎላት፣ በማድ ቤቱ መስኮት፣ ጎጆው ከተነሣበት በላይ ለጠፈው። ዓይኗ በጥር ወር ታክሞ በራላት፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያ ያነበበችው እነዚያን ሦስት ስሞች ነው።

ሚዛን በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ አንድ የታወቀ ስሕተት ሠራች፤ እርሱንም ራሷ ደርሳ መለሰችው፣ በገዛ እጇም ጻፈችው።