ድንኳን ያልተጣለበት ለቅሶ

ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ከእትዬ አስካለ ጋር ቀራንዮ ውስጥ አንድ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ ባየኋቸው ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። ዛሬ ግን ልናገረው።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥም ነበርኩ። የድንኳኑ፣ የወንበሩ፣ የድስቱ ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር የሚውለው።

እትዬ አስካለ ለልጃቸው ሰርግ ድንኳኑን ወስደው በማግስቱ መለሱ። የሰርጉ ዕለት ዘንቦ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ዕቃ ቤቱን ስከፍት፣ ጉድ! የድንኳኑ ብረቶች ቀይ ዝገት ለብሰዋል፤ ስነካቸው ዝገቱ እጄ ላይ ተፈረፈረ።

በወሩ ስብሰባ ተነሳሁና አፌን ሞልቼ፣ «እትዬ አስካለ ብረቱን ሳያደርቁ ነው የመለሱት» አልኩ። አልበቃኝ ብሎ ትምህርት ጀመርኩ። ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ኤሌክትሮኑን ለኦክስጅን ይሰጣል፣ ይህ ኦክሲዴሽን ይባላል፣ ምናምን። የእድሩ ዳኛ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል።

«መምህር፣ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጌ ነው ያስረከብኩህ» አሉ እትዬ አስካለ። 

«ሳይንስ አይዋሽም» አልኳቸው። ድፍረቴ!

ማን ይመናቸው? ስለ ዝገት ከኬሚስትሪ አስተማሪ በላይ የሚያውቅ ከየት ይመጣል። ከእንግዲህ ለድግስ ዕቃ እንዳይሰጣቸው ተወሰነና ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ታመውም ከስብሰባ የማይቀሩት ባለቤታቸው ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ይዘዋቸው ወጡ።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አስረኛ ክፍል ይህንኑ ነገር አስተምራለሁ። በየቤታችን ካለው ምሳሌ ስሰጥ ባትሪ አልኩ፣ ተልጦ የሚጠቁር ድንች አልኩ፣ በረኪና አልኩ። «በረኪና የሚያነጣው ከቀለሙ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ነው። ትነቱ ብረትም ይበላል፤ ከብረት አጠገብ አታስቀምጡት።»

ቾኩ እጄ ላይ ቀረ።

ባለቤቴ በረኪና በጅምላ እየገዛች በጠርሙስ ሞልታ ትሸጣለች። ሽታው የልጃችንን ሳል ሲቀሰቅስባት፣ ድንኳኑ በተመለሰ ሰሞን ሦስት ጀሪካን ሙሉ ማንም ሳያየኝ እድሩ ዕቃ ቤት ያስገባሁት እኔው ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ አይደል!

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። የአንዱ ጀሪካን ክዳን ላልቷል። ከጀሪካኑ ጎን ያሉት ብረቶች ክፉኛ ተበልተዋል፤ ወዲያኛው ጥግ ያሉት ደህና ናቸው። ጀሪካኖቹን አወጣሁ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ። ሰው ምን ይለኛል፣ ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ጋሽ ወልዴ አረፉ።

ድንኳኑን ላስወጣ ቁልፌን ይዤ ስሮጥ እትዬ አስካለ ሰው ላኩብኝ። «የእድሩ ድንኳን ይቅርብኝ፤ ደግሞ አበላሸች እንዳልባል» ብለዋል። ለቀስተኛው ጠራራ ፀሐይ ላይ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገዋል። አንዱ፣ «ምነው ድንኳን የለም እንዴ?» ሲል እትዬ አስካለ አንገታቸውን ደፉ። በገዛ ባላቸው ለቅሶ ላይ!

አልቻልኩም። እዚያው ተነስቼ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ትነቱ፣ አውቄ ዝም ስለማለቴ ሁሉንም ተናገርኩ። ድምፄ እንደ ስብሰባው ቀን አልነበረም፤ ከኋላ የተቀመጡት «ምን አለ?» ይባባሉ ነበር።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

«ወልዴ ይህን ሳይሰማ ሄደ» አሉ። ቀጥለውም፣ «በል ድንኳኑን አምጣ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ነው» አሉኝ።

ቃለ ጉባኤው ታርሟል፤ ቁልፉንም አስረክቤያለሁ። እትዬ አስካለ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ዛሬም «መምህር፣ ደህና ዋልክ?» ይሉኛል። እመልሳለሁ፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልችልም። እሳቸውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ጋሽ ወልዴን ግን ምን ብዬ፣ የት ሄጄ ልጠይቅ?