ከአክስቴ ጡት የተረፈው

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከሥራው በላይ ያደክመኛል። አዲስ አበባ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የካንሰር ዕጢ በስሱ እየቆረጥኩ መስታወት ላይ እዘረጋለሁ። ከዚያ በማሽን፣ እያንዳንዱ ሴል እዚያው በቦታው እንዳለ፣ የትኞቹ ጂኖቹ እንደሚሠሩ ይነበባል። የሚወጣው ካርታ ነው፤ ምን ዓይነት ሴል ከምን ጎን እንደተቀመጠ ያሳያል። ሸዋ ሮቢት በወረድኩ ቁጥር ግን ዘመዶቼ «መድኃኒቱ ተገኘ?» ነው የሚሉኝ። ኤዲያ!

እዚያው አጠገብ ቀወት ያለችው አክስቴ፣ እትዬ የምላት፣ ጡቷ ሲቆረጥ ቁራጩ ለጥናት ይቆይ ብዬ የለመንኳት እኔው ነኝ። በእኛ ዘንድ ከሰው አካል የተቆረጠ ይቀበራል እንጂ አይቀመጥም።

«እሺ፣ ላንቺ ስል» አለችኝ። «ግን የተረፈውን መልሺልኝ። ወላሂ ጎዶሎ ሆኜ አፈር አልገባም፤ ከከፈኔ ጋር ይሆናል።»

ቃል ገባሁላት። አለቃዬን እስካሳምን ምራቄ ደረቀ።

ካርታው ሲወጣ፣ በሽታ የሚከላከሉት ሴሎች ዕጢውን ከበውት ቆመዋል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀ የለም ማለት ይቻላል። ለምን እንደማይገቡ ገና አናውቅም። በዚያው ሰሞን በሽታው ጉበቷ ላይ ወጣ ተባለ። ስክሪኑን አጥፍቼ አለቀስኩ።

የተረፈውን ቁራጭ፣ እንዳይበላሽ ሰም ውስጥ እንደተደፈነ፣ አስፈቅጄ ይዤላት ወረድኩ። በባጃጅ ስሄድ ያ የቆላ ፀሐይ እንዳያገኘው ቦርሳዬን ታቅፌ ነበር። እትዬ ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ አልጋ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ሰሙን ከጨርቁ ፈትታ አገላበጠችው።

«ይቺ ናት? ያን ሁሉ ያንገበገበችኝ ይቺ ሚጢጢ?»

ሁለታችንም ሳቅን። ውሃ ያመጣችልን ልጇ ወደ ቤት እስክትገባ ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ትናንት ስትታጠብ እጇ ጡቷ ላይ ቀረ። ዳበስኳት። እንደኔው ነው።»

ሰሙን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ከከፈኔ ጋር አላልሽም እንዴ?»

«ተይኝ እባክሽ! ከእሷው ጋር ጎን ለጎን አድርጊና እዪው። ይበጃታል አይደል?»

ካርታው ለጥናት እንጂ ለሕክምና እንዳልሆነ ስንት ጊዜ አስረድቻታለሁ። ያን ዕለት ግን አቃተኝ። «ኢንሻአላህ» ብዬ ተቀበልኳት።

ልጅቷን ይዣት ወጣሁ፤ አዲስ አበባ ሐኪም አያት፣ ናሙናም ተወሰደላት። እኔ ናሙናውን ሰም ውስጥ እየደፈንኩ ሳለሁ ከቀወት ተደወለ። እትዬ ጠዋት አርፋ ነበር፤ እኛ መንገድ ሳንጀምር ቀበሯት።

የእናትና የልጅ ሥጋ አሁን እኔ ጋ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው። የልጅቷ ውጤት ገና አልመጣም።