የአባቴ ላዳ አንዲት ማዞሪያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ መኪና ጌም ከየት ጀምሬ እንደማስረዳቸው ስላላወቅሁ ነው። እናንተ ግን እዚህ ድረስ አንብባችኋልና ልጀምር።

የመኪና እሽቅድምድም ጌም የሚወዱ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ ለማሸነፍ ይጫወታሉ። ሁለተኞቹ መኪናውን ያቆሙና በዙሪያው ይዞራሉ፤ የኋላ መብራቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ የበሩ እጀታ ልክ ቦታው ላይ መሆኑን ያያሉ፣ ከዚያ ይጣላሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። መካኒሳ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ስለምሠራና ቀኑን ሙሉ መስመር ስለካ ስለምውል፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ «ሚሊሜትር» ይሉኝ ነበር። እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። ቅጽል ስሙን ደግሞ እወደው ነበር።

አባላቱ የከተማችንን መኪኖች ራሳቸው በኮምፒውተር እየሠሩ ወደ ጌሙ ያስገቡ ነበር። አንድ ሕግ ነበረን። ማንኛውም መኪና ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል፤ የተጠራጠርነውን ነገር ሠሪው በፎቶ ያረጋግጣል። ፎቶ ከሌለው፣ መኪናውን በአካል የሚያውቅ አባል ይመሰክርለታል። የመጨረሻውን ቃል የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ማን ሾመኝ? ማንም። ብዙ ስለምከራከር ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከድር የሚባል አባል ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ሠርቶ አመጣ። ከድር ሀና ማርያም አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ባቲላሜራ ነው፤ የተጨረማመተ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ ያቃናል። ላዳዋን በትርፍ ጊዜው ዓመት ሙሉ ሲሠራት እንደቆየ ጻፈልን። ፋይሉን ከፍቼ ወደ ውስጥ ስመለከት ደነገጥኩ። የዳሽቦርዱ ስንጥቅ በአረንጓዴ ፕላስተር ተለጥፏል። የመሪው ሽፋን በነጭ ክር ተሰፍቷል። በአራቱም በሮች ላይ የመስታወት ማዞሪያ የለም፤ አንዲት ማዞሪያ ብቻ ከማርሹ አጠገብ ተቀምጣለች። የአባቴ መኪና ነበረች።

በላዳ የተሳፈረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ማዞሪያዎቹ እየተሰበሩ ያልቁና አንዷ ትቀራለች። መስኮት መክፈት የፈለገ ተሳፋሪ ሾፌሩን ይጠይቃል፣ ሾፌሩ ያቀብለዋል፣ ተሳፋሪው ከፍቶ ይመልሳል። አባቴ ሲያቀብል «አደራ፣ አንድ ልጄ ናት» ይል ነበር። ተሳፋሪው ይስቃል። አንድ ልጁ እኔ ነኝ፣ እኔ አልስቅም ነበር። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን የክፍል ጓደኞቼን ሲሸኛቸው ይህንኑ ብሎ ሰጣቸው፤ እስከ ላፍቶ ድረስ ማዞሪያዋን እየተቀባበሉ ሳቁ። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ራቅ ብሎ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ግሩፑ ውስጥ ክርክሩ ወዲያው ጦፈ።

«ወንድም፣ ማዞሪያዎቹን ረሳሃቸው እንዴ?» አለ አንዱ።

«አልረሳሁም። ላዳ እንዲህ ነው» ብሎ መለሰ ከድር።

ገሚሱ ደገፈው። ገሚሱ ጌም ውስጥ የሚገባ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ መሆን አለበት አለ። ሌላው ደግሞ ፋብሪካውን ማን አየው፣ እኛ የምናውቀው ታክሲውን ነው አለ። ሁለት ቀን ተሰዳደቡ። ከድር ፎቶ አልነበረውም፤ መኪናዋ ለቁርጥራጭ ብረት ከሄደች ቆይታለች፣ እሱ የሠራት ድሮ ሲጠግናት ካስተዋለው ነው። በመጨረሻ «ሚሊሜትር ይፍረድ» ተባለ።

ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነበር። አባቴ ከመሪው ዞር ብሎ፣ ማዞሪያዋን ወደ ኋላ ወንበር ዘርግቶ፣ እየሳቀ። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የቀረኝ። ግን ብልከው የማን መኪና ናት መባሉ አይቀርም። እኔ ደግሞ እዚያ ግሩፕ ውስጥ አባቴ ስላልነበሩት ውድ መኪኖች ብዙ ጉራ ነዝቼ ነበር። እናም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ላዳን ጠንቅቄ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ላዳ የለም። ፈጠራ ነው።»

እንዲህ ያለ ላዳ የለም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም። ያሳደገችኝን መኪና የለችም አልኩ። ከመኪናዋ ጋር ማንን የለም እንዳልኩ አላውቅም ነበርን? አውቅ ነበር። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።

የደገፉት ሁሉ ዞሩበት። ላዳ ውስጥ ገብቶ አያውቅም አሉት፣ «ማዞሪያው» እያሉ አላገጡበት። ከድር አልተሳደበም። «ለባለመኪናው ለጋሼ አሳይዎታለሁ ብያቸው ነበር። በሉ እሺ፣ ይቅር» ብሎ ጻፈ፤ ፋይሉን አጠፋና ወጣ። እኔ ቅጂ አላስቀረሁም ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ምሳ ላይ አባቴ የላዳዋን ነገር አነሳ። እግሩ እንደልብ ስለማይታዘዘው ከቤት እምብዛም አይወጣም።

«ያ የሀና ማርያሙ ባቲላሜራ ላዳዬን ጌም ውስጥ አስገብቼ አስነዳዎታለሁ ብሎኝ ነበር። ድምፁ ጠፋ። አንተ ጌም ታውቅ የለ፣ እስቲ ሄደህ ጠይቅልኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ተነስቶ ግድግዳውን እየያዘ ወደ መኝታ ቤቱ ገባና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ማዞሪያዋ ናት። መኪናዋን ሲያስረክብ እሷን አስቀርቷል።

«ምናልባት ልኩ ጠፍቶበት ይሆናል። ይለካባት» አለና እጄ ላይ አኖራት። «አደራ፣ አንድ ልጄ ናት።»

ያኔ ብነግረው ምን ይለኝ ነበር? ምንም አይለኝም፤ ከትምህርት ቤቱ ራቅ ብለህ ጠብቀኝ ስለው ምን አለኝ? ያስፈራኝ ይኸው ነው። በሳምንቱ «ሰጠኸው?» ሲለኝ «ሰጠሁት» አልኩት።

አልሰጠሁትም። አንድ ጊዜ ጋራዡ በር ድረስ ሄጃለሁ፤ ከድር ጎንበስ ብሎ አንድ በር ሲቀጠቅጥ አየሁት፣ ተመለስኩ። ማዞሪያዋ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ከማስመሪያዎቼ ጋር ናት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አለፈ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አፍሬ ነው ብዬም አላመካኝም፤ ያፈርኩበት ሰው ምንም የሚያሳፍር ነገር አልነበረውም። ይቅርታው የሚጠየቀው አንድ ጋራዥና አንድ ቤት ውስጥ ነው። ሁለቱም ከቢሮዬ በታክሲ ብዙ አይርቁም።

አባቴ ዛሬ ጠዋትም ጠይቆኛል። እየሠራባት ነው አልኩት። «አታጣድፈው፣ ጥሩ ሠራተኛ ነው» አለኝ።