ስልኬ ተይዞ የዋለበት ቅዳሜ

ባለፈው ወር ለአዲስ ፍሪጅ ቦታ ሳስለቅቅ ከሱቄ ጓዳ፣ ከአሮጌው ሚዛን ሥር፣ አንዲት ካሴት አገኘሁ። የዘፈን እንዳትመስልህ። የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ የስልክ መልእክት መቀበያ ማሽን ውስጥ ገብታ የደዋይ ድምፅ የምትቀዳ ናት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም፣ አሁንም በርበሬ በርበሬ ትላለች። አስነጠሰችኝ። የሙዝ ካርቶን ገልብጬ ተቀመጥኩ፤ የዚያን ቀን ፍሪጁም ቀረ፣ ሥራውም ቀረ።

ያኔ ሱቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ሱቄ የመኪናዬ ትራንክ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ካሴትና ነጠላ ጭኜ፣ እዚህ በሰው አገር፣ ከሆፕኪንስ እስከ ዉድበሪ በየአፓርትመንቱ ደጅ እቆም ነበር። በእነዚህ ከተሞች ያለነው አበሾች እንደ ዛሬው አልበዛንም፤ ጥቂት ሆነን ደግሞ ተበትነናል። አንዱ መውለዱን ሌላው የሚሰማው ልጁ መራመድ ሲጀምር ነው። ኳስ ግጥሚያ ይባላል፣ ግማሹ ቡድን ሌላ ሜዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሳይ የነጋዴ ጭንቅላቴ ሠራ። ከጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ የገዛሁት መልእክት መቀበያ ነበረኝ። ቀኑን ሙሉ "ቤት የለሁም" እያለ ከሚውል ለምን የሰፈር ዜና አያወራም?

በዚህ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጉሮሮዬን ጠርጌ እቀዳ ነበር፤ ቤቴ የደወለ ሁሉ ይሰማል። ማን ወለደ፣ ማን ከአገር ቤት ገባ፣ የአዲስ ዓመት ድግስ የትኛው አዳራሽ ነው፣ ሠርግ ላይ ካፖርት የተለዋወጡት ሁለት ሰዎች የት ይገናኙ፤ ሁሉም አለበት። መጨረሻ ላይ፣ ሰው ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ "አዲስ በርበሬ ገብቷል" እላለሁ። ዜናው ነፃ ነበር። በርበሬው አልነበረም።

ማሽኑ አንድ አመል ነበረው። ዜናው አልቆ "ጢጥ" ካለ በኋላ ደዋዩ እስካወራ ድረስ በሁለተኛዋ ካሴት ላይ ይቀዳል፤ ዝም ካለ ትንሽ ጠብቆ ጆሮው ላይ ይዘጋበታል። አልፈርድበትም። እኔም ዋጋ የማይጠይቅ ደንበኛ ፊት ብዙ አልቆምም።

ከአድማጮቼ ሁሉ አንድም ቅዳሜ ቀርተው የማያውቁት የሆቴሉ እማማ ነበሩ። ሴንት ፖል መሀል ከተማ፣ የአንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ያጥባሉ፤ ዌስት ሴንት ፖል ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዳሜ እኩለ ቀን፣ በምሳ እረፍታቸው፣ ከግድግዳው ስልክ ይደውሉና እስከ በርበሬዋ ድረስ ያዳምጣሉ። ከዚያ እርማት ይተዉልኛል። "ጉሮሮህን ጥረግ። ደግሞ ወንድ ልጅ ተወለደ ብለህ ታልፋለህ፤ እናቲቱ በደህና መገላገሏን ማን ይንገረን?"

አንድ የበረዶ ክረምት፣ አርብ ማታ፣ ሐጂ ደወሉልኝ። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ። "የሆቴሉ እማማ ታላቅ እህት አዲስ አበባ አርፋለች" አሉኝ። "እንደ እናት ያሳደገቻቸው እሷ ናት። መርዶው እሑድ ንጋት ነው። ሰው እንዳይቀር በዚያ በመስመርህ ተናገር።"

ተናገርኩ። ሆፕኪንስ ከተወለዱት መንትዮች ቀጥሎ፣ በደህናው ድምፄ፣ የሆቴሉ እማማ እህታቸው ስላረፉ እሑድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሮበርት ጎዳና ካለው ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ተገናኝተን ለመርዶ እንሄዳለን ብዬ ቀዳሁ። አስከትዬም አዲስ በርበሬ ገብቷል አልኩ። ከዚያ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ዉድበሪ ነዳሁ።

ዉድበሪ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፣ እታለም የምላት። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ዋጋ ስትቀንስ ምሕረት የላትም። በሩን የከፈተልኝ ልጇ ነው። "ማም! ዘ በርበሬ ጋይ ኢዝ ሂር!"

ወጥ ቤቱ ሞቅ ብሏል። ምድጃው ላይ ሽሮ ይንተከተካል፤ በመስተዋቱ በር የሚገባው የበረዶ ብርሃን ዓይን ይወጋል። ምን አዲስ ነገር አለ ብላ እኔን መጠየቅ ሲገባት የስልኩን ድምፅ ማጉያ ተጭና ቤቴ ደወለች።

"ከማሽኑ ልስማ። ካንተ እሱ ይሻላል፣ ትንሽ ነው የሚዋሸው።"

ድምፄ ወጥ ቤቱን ሞላው። መንትዮቹን ሰማች፣ እልል አለች። ቀጥሎ እህትየዋን ሰማች፣ ደረቷን ያዘች። በርበሬዋን ስትሰማ ማማሰያውን አስቀመጠችው።

"አንተ" አለች። "እሳቸውስ?"

"እሳቸው ምን?"

"እሳቸው አይደውሉም?"

ሰዓቴን አየሁ። ለእማማ የምሳ እረፍት የቀረው አርባ ደቂቃ ነው።

መቼም የኛ ሰው ሞት መደበቅ ያውቅበታል። እህትህ መሞቷን የሚያውቅ ሰው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አብሮህ ቆሞ ስለ ብርዱ ያወራሃል፣ ይስቅልሃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍህ እጅ በዙሪያህ እስኪቆም ድረስ ትንፍሽ አይልም። ያን ጠዋት መስመሬን የሰማ ሁሉ አፉን እንደሚዘጋ አልተጠራጠርኩም። አፉን መዝጋት የማያውቅ ማሽኑ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የኔ ነው። እማማ ምድር ቤት፣ በማድረቂያዎቹ ጩኸት መሀል፣ እጀታውን ይዘው ቆመው ታዩኝ። እህታቸው መሞቷን ሰምተው ሳይጨርሱ፣ እኔው ራሴ፣ አዲስ በርበሬ ገብቷል ስላቸው።

እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ በርበሬዋ ናት።

"በኮድ ይጠፋል አይደል? ከዚህ ሆነህ አጥፋዋ!" አለችኝ እታለም።

"ከጋራዥ ሴል ነው የገዛሁት። መመሪያው አብሮ አልመጣም።"

"ሆቴሉ መንገድህ ላይ ነው። ግባና አነጋግራቸው።"

"ምን ብዬ? ቅዳሜ ቀን በርበሬ ሻጭ ሥራ ቦታቸው ድረስ ከመጣ ያው መርዶ ነው።"

ሽሮውን አንዴ አማሰለች፣ አሰበች።

"ስልክህ ስንት መስመር አለው?"

"አንድ።"

"እኔ ይዤው ብውል እሳቸው ይገባሉ?"

"አይገቡም። ግን ዝም ካልሽ ይዘጋብሻል።"

"እኔ? ዝም?" ብላ ልጇን አየችው። ልጁ ሳቀ። እጀታውን አንስታ ቁጥሬን ደገመችና "ውጣ!" አለችኝ።

ናይንቲ ፎር የሚሉትን አውራ ጎዳና እንደዚያን ቀን ድራይቭ አድርጌው አላውቅም። በረዶው ደቆ ደቆ ይወርዳል፤ ከፊቴ የነበረ ከባድ መኪና ጨው እየበተነ መንገዱን ዘግቶታል። ሴንት ፖል ላይ ፍሬን ስይዝ ከኋላ መቀመጫ ያለው የበርበሬ ከረጢት ተገለበጠ፤ በአንድ እጄ ልሰበስበው ስታገል ክንዴ ድረስ ቀላሁ። ቀና ስል ሆቴሉ ታየኝ። ከምድር ቤቱ መተንፈሻ ነጭ እንፋሎት ይወጣል። ዕንባና ንፍጥ አንድ ላይ ወረዱልኝ፤ ይህን በበርበሬው አሳብቤ ነው የኖርኩት።

ሆፕኪንስ ስደርስ እኩለ ቀን ካለፈ አሥር ደቂቃ ሆኖታል። ደረጃውን ሁለት ሁለት ወጣሁ፣ በሬን ከፈትኩ፣ ቆምኩ።

ባዶው ክፍሌ ውስጥ ሴት እያወራች ነበር። ማሽኑ የሚቀዳውን ጮክ አድርጎ ያሰማል። ጸሎቷን ጨርሳለች፤ የዶሮ ወጥ አሠራሯን ጨርሳለች፤ እኔን ስለ ሚዛኔ ሰድባ ጨርሳለች፤ ያንን በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ስገባ ሌላ ነገር ላይ ነበረች።

"...አለሁ፣ አለሁ፣ አልዘጋሁም። የት ነበርኩ? አዎ፣ አባቴ። እኔ'ኮ የአባቴን የሰማሁት ሥራ ላይ ነው። ያጎቴ ልጅ ደወለና 'እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ አባትሽ አረፉ' አለኝ፤ እንዲህ፣ በአንድ ትንፋሽ። የአንዲት አሮጊት ሾርባ ይዤ ነበር። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ። ሾርባው እጄ ላይ እስኪበርድ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ሰው ያልፋል፣ ሃይ ይለኛል፤ እኔም ሃይ እላለሁ። ምን ያድርጉ፣ አያውቁማ። ለኔ ስልክ የያዘልኝ አልነበረም... አለሁ፣ አልዘጋሁም..."

በረዶው ከጫማዬ ላይ እየቀለጠ ምንጣፉን አራሰው። ማንሳት እችል ነበር፤ እጄ ስልኩ ላይ ደርሷል። ገበያ ላይ ሰው አፉን ሳይከፍት የማቋርጥ ሰው ነኝ። ያን ቀን አላቋረጥኩም። ትንሽ ዝም ስትል አነሳሁት።

"እታለም፣ ደርሻለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማኝ?"

"አሁን ነው የገባሁት።"

ድስቱን ከምድጃው ስታወርድ ሰማሁ። ቀጥላ፣ "እንግዲህ ልዝጋው። ሽሮዬ አረረ" አለችኝ።

የዜናውን ካሴት በቀላው ጣቴ ፈልቅቄ ሳወጣ፣ ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ነበሩ።

"ምን ነካህ ዛሬ? ስደውል ተይዟል፣ ስደውል ተይዟል፤ እረፍቴ አለቀ'ኮ!"

"ማሽኑ ተበላሽቶብኝ ነው እማማ። በአፌ ልንገርዎት?"

"ንገረኝ። ጉሮሮህን ጥረግ።"

ጠረግሁ። ሆፕኪንስ መንትዮች ተወለዱ፣ እናታቸውም በደህና ተገላግላለች አልኩ። "ጎሽ" አሉ። የኳሱን፣ የአዳራሹን፣ የካፖርቱን ነገርኳቸው። ከጀርባቸው የማድረቂያው መሽከርከር ይሰማኛል፤ አንድ ቁልፍ ይሁን ሳንቲም ውስጡ ቀርቶ ቂው፣ ቂው ይላል።

"ለቅሶስ?" አሉኝ።

"የለም።"

"ተመስገን። በርበሬስ?"

"እሱ አለ።"

"ታዲያ እሱን ሳትነግረኝ? አሞሃል እንዴ?"

ስልኩን ዘግቼ ከነካፖርቴ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ አልቆም ብሎ ጎረቤቴ ግድግዳ እስኪደበድብ።

በማግስቱ ንጋት ፓርኪንጉ በመኪና ጭስ ነጭ ሆኗል። ሐጂ በቆባቸው ላይ የጃኬታቸውን ኮፍያ ደርበው ጠበቁኝ። ወሬው ደርሷቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ለሰው ንገር አልኩህ እንጂ ለእሳቸው ንገር ወጣኝ?"

"ሐጂ፣ ካሴት ሰው አይመርጥም።"

"የሚመርጥ ግዛ!" አሉኝና ወደ እማማ ቤት ደረጃ መሩን።

ሽሮዋን ያሳረረችው እታለም ድስት ታቅፋ ከኋላችን ነበረች። እማማ በሩን ሲከፍቱ አንድ በአንድ አዩን፤ ዓይናቸው ሐጂ ላይ ቆመ። "ሁላችሁም?" ብቻ ነው ያሉት። ሲወድቁ የወደቁት ሰው እጅ ላይ ነው። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው እታለም ነበረች፤ ድስቱን መቼ እንዳስቀመጠችው አላየሁም።

ከአርባው በኋላ ለእማማ ዕቃ ላደርስ ሄድኩ። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፣ ሰፍቷቸዋል።

"ያን ቅዳሜ ለቅሶ የለም አልከኝ" አሉ።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

"ከሥራ ስወጣ ይህን ገዛሁላት። ወፍራም ናት'ኮ እህቴ። ደስ ብሎኝ፣ ቀለም መርጬ ነው የገዛሁት።" እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰቡት። "በል በርበሬህን መዝን፤ ጣትህን ከሚዛኑ ላይ አንሳና።"

ማሽኑን ወዲያው ጣልኩት። የእታለምን ድምፅ የያዘችውን ካሴት ግን በበርበሬ እጄ አውጥቼ አስቀመጥኳት። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቀኝ አልነግርህም ነበር።

ዛሬ ዜና መስመር የሚጠብቅ የለም፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ነው። አምና ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ምስር እየመዘንኩ ስልኬ ነዘረ። በአበሾቹ የስልክ ግሩፕ ላይ የእታለም ፎቶ ነው፣ ከጎኑ ሻማ። "ሂሳብ ስንት ነው?" ትለኛለች ሴትዮዋ። ስንት እንዳልኳት አላውቅም። ምስሩ ሚዛኑ ላይ፣ መዛቂያው እጄ ላይ፣ ቆምኩ።

ካሴቷን ካገኘሁ ወዲህ የሚያጫውታት ማሽን ስፈልግ ከረምኩ። የተገኘው ያው ከጋራዥ ሴል ነው፣ ያው ያለ መመሪያ። ትናንት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ሰካሁትና ጸሎቷን ሰማሁ፣ የዶሮ ወጡን ሰማሁ፣ በሚዛኔ ስትሰድበኝ ሰምቼ ብቻዬን ተከራከርኳት። ሾርባው ጋ ደረሰች።

መጨረሻው ድረስ አልሄድኩም። መጨረሻው ላይ ዝም እንደምትል አውቃለሁ። "አለሁ፣ አለሁ፣ አልዘጋሁም" ስትል፣ እዚያ ላይ አቆምኩት።