የሌላውን ኀዘን መናገር፦ ከኦሬንጅ ፋርም ዮቪል ደርሶ መልስ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ኦሬንጅ ፋርም

ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቄን የብረት በር ቆልፌ ስወጣ አሮጊቷ ጎረቤቴ ጎጎ ኖምሳ ከመንገዱ ማዶ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። "ሳውቦና ጎጎ!" ብዬ በቋንቋቸው "ሰላም አያቴ" አልኳቸው። ቀናም አላሉ። ዓመት ሊሆነን ነው። አምና ሱቄ ሲዘረፍ ልጃቸው ሲፎ የዱቄት ከረጢት ተሸክሞ ሲሮጥ ከተደበቅሁበት አየሁትና ስሙን ለፖሊስ ሰጠሁ። እሱ ታሰረ፤ እሳቸውም ዳቦ የሚገዙት ሦስት መንገድ ተሻግረው ሆነ። ድሮ "ማይ ፍሬንድ" እያሉ ሻይ ይልኩልኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከተዘረፈው ዕቃ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የሰላምታቸው መቅረት ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት፤ ጀፕ፣ የሐበሻ ገበያ

ብርድ ልብስና ጫማ በየታክሲው ይጫናል። መንገዱ ገና በጠዋቱ ተጨናንቋል። ከተማው ውስጥ ዮቪል ሰፈር ያደገችው የአገሬ ልጅ ሜሮን እስራኤላውያንንና ፍልስጤማውያንን የሚያቀራርብ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ታገለግላለች። ለዛሬው ስብሰባ ምሳ አምጣ ያለችኝ እሷ ናት። "አይሁዱም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ የሚበላው የኛን የጾም ምግብ ነው፣ አይ ስዌር!" ብላኛለች።

ባለ ምግብ ቤቷ እትዬ አልማዝ ሳቁብኝ። "ጴንጤው! በፍስክ በያይነቱ? ተመለስክ እንዴ?"

"ኧረ ለእርቅ ነው እትዬ።"

"እንግዲያው ሽሮ ልጨምርልህ" ብለው ድስቱን እስከ አፉ ሞሉልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

የታክሲው ሾፌር ድስቶቹን አይቶ "ሠርግ ነው?" አለኝ። እርቅ መሆኑን ነገርኩት። "እሱ ይከብዳል" አለና የዕቃ ሳያስከፍለኝ ጫነኝ።

ረፋድ 4 ሰዓት፤ ዮቪል

አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት ጠባብ ክፍል ነው። እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ በጦርነቱ ወንድሟን ያጣች እስራኤላዊት ያኤልና ልጁን ያጣ ፍልስጤማዊ ሳሚር። ደንባቸው እንግዳ ሆነብኝ። ማንም የራሱን ኀዘን አይናገርም። የሌላውን ኀዘን "እኔ" እያለ ይናገራል፤ የኀዘኑ ባለቤት ቁጭ ብሎ ያርመዋል።

ያኤል ቆመች። "ልጄ ዐሥር ዓመቷ ነበር። የጫማዋን ማሰሪያ ማሰር አትወድም ነበር።"

"ግራውን ብቻ" አለ ሳሚር።

"ግራውን ብቻ" ብላ ደገመችለት።

ምሳ ላይ ከያኤልና ከሳሚር ጋር ሦስታችን አንድ ትሪ ከበብን። ይሄ ነገር ጦርነት ያቆማል ወይ ብዬ ያኤልን ጠየቅኋት። "አላቆመም" አለች፤ "እኔን ግን ከጥላቻ አሳረፈኝ።" ሳሚር እየሳቀ የመጨረሻዋን ሽሮ ወደ እሷ ገፋላት።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ የጎጎን ታሪክ ለራሴ መናገር ሞከርኩ። ከሁለት ዐረፍተ ነገር አላለፈም። አፈርኩ።

ከሰዓት 11 ሰዓት፤ ኦሬንጅ ፋርም

ሱቄን ሳልከፍት ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ጎጎ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዮቪል ያየሁትን ደንብ አስረዳኋቸውና "የእርስዎን ልናገር፣ ስሳሳት ያርሙኝ" አልኳቸው። ጀመርኩ። "አንድ ልጅ አለኝ። ፖሊስ ሲወስደው አለቀስኩ፤ ባለ ሱቁንም ረገምኩ።"

"ተሳስተሃል" አሉ። "አልረገምኩህም። ዱቄቱን ልመልስልህ ተሸክሜ ደጅህ ድረስ መጥቼ ነበር። የፖሊሱን መኪና ሳይ ፈርቼ ተመለስኩ። ይኸው ጓዳ ተቀምጧል፤ አልፈታሁትም። ነቅዞ ይሆናል።"

አጠገባቸው ተቀምጬ ታሪካቸውን ከነዱቄቱ ደገምኩላቸው።

"አሁን ደግሞ ያንተን" አሉ። "ከሩቅ አገር መጣሁ። ሱቄን ሲሰብሩ አልጋ ሥር ተደበቅሁ። በማግስቱ የፈሰሰውን ሩዝ ብቻዬን ስጠርግ ጎረቤቶቼ በመስኮት ያዩኝ ነበር። አንዲት አሮጊት መጥረጊያዋን ይዛ በሯ ላይ ቆመች፤ አፍራ አልወጣችም።"

ከዚያ ቀና ብለው የተሳሳቱት ካለ እንዳርማቸው ጠየቁኝ። ተመስገን፣ የማርመው አልነበረኝም።