የጨረር መለኪያውና የዱቄት ወተቱ

አሰብ ወደብ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሦስት ነገር ተረከብኩ፤ ነጭ ጋዋን፣ የናሙና መውጊያና የጨረር መለኪያ። ጋዋኑን ሙቀቱ ከምሳ በፊት አስወለቀኝ። መውጊያው ጫፉ የሾለ የብረት ቱቦ ነው፤ ከረጢቱን ወግቶ ከውስጥ ዱቄት ወይም እህል ያወጣል። የጨረር መለኪያው መርፌ ያለው፣ በእጅ የሚያዝ ሳጥን ነበር።

ጊዜው የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ወደቡ የኤርትራ፣ ጭነቱ የኢትዮጵያ፣ ሙቀቱ የሁላችንም ነበር። እኔ ከአዲስ አበባ የተመደብኩ ጀማሪ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ስሆን፣ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊያችን አቶ ጌታቸው ይባሉ ነበር። ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ፣ ክፋት የሌለባቸው፣ ማኅተም የሚወዱ ሰው ናቸው።

የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም ከአውሮፓ የሚመጣ የዱቄት ወተት ሳይፈተሽ አይወጣም ነበር፤ ጨረሩ በሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት ይገባል። እኔ ወደብ ላይ የምለካው ከረጢቱ አጠገቡ ለሚሠራ ሰው ያሰጋ እንደሆነ ብቻ ነው። ወተቱ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቀው አዲስ አበባ ያለው ላቦራቶሪ ነበር። ናሙናውን አሽገን በአውሮፕላን እንልካለን፤ ውጤቱ በቴሌክስ ይመለሳል።

አንድ የድርቅ ዓመት፣ ወተት የጫነች መርከብ ገባች። ከጭነቱ ከፊሉ አፋር ውስጥ፣ ደባይሲማ ለሚገኝ የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ የሚሄድ ነበር። እዚያ ፍየሎቹ ነጥፈዋል። የመጋዘናችን ካቦ ጋሽ ሁመድ የዚያ አገር ሰው ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ጣቢያው ውስጥ ተኝቷል። የቀረው ወተት ለጥቂት ቀናት ብቻ እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

እኔ ጋዋን ለብሼ፣ መለኪያ ይዤ ከረጢት ለከረጢት ስዞር ያየ ሁሉ ወሬውን አዛመተው። ጭነቱ ተራግፎ ሳያልቅ «የጨረር ወተት» የሚል ስም ወጣለት። ሾፌሮቹ መኪናቸውን ከመጋዘኑ አራቁ። ተሾመ የሚባል የተሳቢ ሾፌር በሁሉም ፈንታ ተናገረ።

«ሲስተር፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። ጎማ ስፈታ የምተኛው ጭነቱ ሥር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ሲስተር እንዳልሆንኩ መንገር ከተውኩ ቆይቼ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ወተቱ ውስጥ ከአደጋው የመጣ ጨረር አለ፤ ከተፈቀደው ልክ ግን በጣም ያነሰ ነው። ከመርከቡ ታችኛው ክፍል የወጣው ከሌላው ከፍ ይላል፤ እሱም ቢሆን ከልኩ በታች ነው። አቶ ጌታቸው አንብበው ሲጨርሱ ማስታወቂያ አስጻፉ፦ «ወተቱ ፈጽሞ ጨረር የለውም።» ማኅተም አረፈበት።

«ጌታዬ፣ ውጤቱ እንዲህ አይልም» አልኳቸው።

«ለሾፌር ስለ ልክ ልታስተምሪ ነው? ሰው የሚፈልገው አለ ወይም የለም ነው።»

ማስታወቂያው ተለጠፈ፤ አንድም መኪና አልቀረበም። በማግስቱ አቶ ጌታቸው ሾፌሮቹን መጋዘኑ ፊት ሰበሰቡና በሕዝብ ፊት እንድለካ አዘዙኝ። ድምፁንም ክፈቺው አሉ። እኔ ሁልጊዜ ድምፁን ዘግቼ መርፌውን ነበር የማነበው።

«ከተከፈተ ይጮሃል ጌታዬ።»

«ንጹሕ ወተት ምን ያስጮኸዋል? ክፈቺው!»

ከፈትኩት። ቀጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ረዳቶቹ ከተሳቢዎቹ ላይ ዘለው ወረዱ። ላረጋጋቸው ብዬ መለኪያውን ወደ አሸዋው ወሰድኩት፤ ጮኸ። ወደ ግድግዳው ወሰድኩት፤ ጮኸ። በመጨረሻ ደረቴ ላይ አደረግኩት። እዚያም ጮኸ።

«አያችሁ!» አለ ተሾመ። «ልጅቷም ተበክላለች!»

የዚያን ቀን ሻይ ቤት የተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ቢያስቀኝም ተናድጄ ነበር። ከንዴቴ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ደባይሲማ ያሉት ልጆች ነበሩ።

አጠገቤ መጥተው የተቀመጡት ጋሽ ሁመድ ናቸው። «አስቴር፣ ዳጉ ልጠይቅሽ ነው» አሉኝ። ዳጉ የአፋር ወሬ መቀባበያ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ይጠያየቃሉ፤ ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። የጨመረ ወይም ያጎደለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም።

«በዓይንሽ ምን አየሽ?»

«መርፌው ወተቱ ላይ የሚያሳየውና አሸዋው ላይ የሚያሳየው አንድ ነው። ጥቂት ጨረር በድንጋይም በሰው ገላም አለ። ወተቱ ባይመጣም መለኪያው ይጮህ ነበር።»

«ምን ሰማሽ?»

የአዲስ አበባውን ውጤት እንዳለ ነገርኳቸው፤ የታችኛውን ክፍል ከረጢቶች ጭምር።

«ሲለካ አይተሻል?»

«አላየሁም። የለካውን ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ አብሬው ሠርቻለሁ።»

«ሁሉንም ከረጢት ከፍተሻል?»

«አልከፈትኩም። ከየክምሩ ጥቂት ነው የወጋሁት።»

«ያልተወጋውስ?»

«እንደ ተወጋው ይመስለኛል። በእርግጥ ግን አላውቅም።»

«ለልጅሽ ትሰጪያለሽ?»

«ልጅ የለኝም፣ ጋሽ ሁመድ። በሌለኝ ልጅ ምን ብዬ ልመስክር?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ መልሰው ነገሩኝና «አጓደልኩ?» ብለው ጠየቁ። አላጓደሉም። ወደ ደባይሲማ በሚወጣ መኪና ያንኑ ቃል ላኩ፤ ሾፌሮቹም ዘንድ ሄደው ያንኑ ተናገሩ።

በማግስቱ ከደባይሲማ መልስ መጣ፦ እናቶቹ ወተቱን ይቀበላሉ፤ የታችኛው ክፍል ከረጢቶች ግን እንደገና ይለኩ፣ እስከዚያ ይቆዩ። ተሾመም ወደ መጋዘኑ መጣ።

«የታችኛው ክፍል የትኛው ነው?»

ክምሩን አሳየሁት።

«እሱን ለይተሽ አስቀምጪልኝ እንጂ ሌላውን እጭናለሁ።»

«ትናንት እኮ ሁሉንም አልጭንም ብለህ ነበር።»

«ትናንት ሁሉም አንድ ነው ተባልኩ። ዛሬ የምመርጠው አገኘሁ።»

አቶ ጌታቸው ወሬው ሲደርሳቸው ቢሯቸው አስጠሩኝ። «ከፍ ያለ አለ ብለሽ ሕዝብ አስደነገጥሽ!» አሉ። የታችኛው ክፍል ናሙና እንደገና መላኩን፣ ሌላው ጭነትም እየወጣ መሆኑን ነገርኳቸው። በመስኮት አዩ፤ ተሳቢዎቹ ተሰልፈዋል። ወደ ሥራዬ መለሱኝ። ማስታወቂያቸውን ግን አላነሡም፤ የአሰብ ንፋስ አነሣላቸው።

ጋሽ ሁመድ ከወተቱ ጋር ወጥተው ነበር። ሲመለሱ እኔ መጠየቅ ፈራሁ። እሳቸው እንደ ወጉ ተቀመጡና በተራቸው ዳጉ ሰጡኝ።

«ወተቱ ደርሷል፤ አይቻለሁ። አንዲት እናት አልሰጥም ብላለች፤ ከእህቴ ሰማሁ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሲሰጡት አስመለሰው፤ አይቻለሁ። በማግስቱ ሆዱ ውስጥ ቆየለት፤ ይህንንም አይቻለሁ። ይድናል አይድንም፣ አላውቅም።»

አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ጭንቀት ያኔም አልለየሁትም። ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ፣ ይድናል» ይለኝ ነበር፤ እሳቸውም እንዲያ ቢሉኝ ግን ሆዱ ውስጥ ቆየለት ያሉትንም እጠራጠር ነበር።

ከዚያ በኋላ በሙያው ረጅም ዘመን ቆይቻለሁ። ለጀማሪ ቴክኒሻኖች የምነግራቸው ይህን ነው፤ የለካችሁትን፣ የሰማችሁትንና የማታውቁትን ለይታችሁ ተናገሩ። የማታውቁትን ከደበቃችሁ፣ የለካችሁትንም የሚያምናችሁ አታገኙም።